የኤሌክትሪክ የተራራ ወይም የግራቭል ብስክሌት አመራረጥ፦ ኃይልንና ርቀትን ከመንገዱ ተነሥቶ ማስላት

የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ወይም ግራቭል (ለጠጠር መንገድ የተሠራ ብስክሌት) ለመግዛት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን ያስቀድማል፤ ሞተሩ ስንት ዋት ነው፣ ባትሪውስ አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን ትክክለኛ መልሳቸው በሽያጭ ወረቀቱ ላይ አይገኝም። አንድ ብስክሌት ከነባትሪው ምንም ሳይለወጥ፣ ለጥ ባለ የጠጠር መንገድ ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስኬድ፣ ድንጋያማ ዳገት በበዛበት ተራራ ላይ ደግሞ 35 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ባትሪውን ሊጨርስ ይችላል። ይህን ልዩነት በዋናነት የሚፈጥሩት የመንገዱ ዳገት፣ የነጂው ክብደትና ነጂው በገዛ እግሩ የሚያዋጣው ጉልበት ናቸው። እነዚህን ሦስቱን የሚያውቀው ገዢው እንጂ አምራቹ ስላልሆነ፣ ስሌቱን መሥራት ያለበትም ገዢው ራሱ ነው። ስሌቱ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም፤ አንዴ ከተሠራ ግን ከማያስፈልግ ወጪም፣ መንገድ ላይ ባትሪ ጨርሶ ከመቅረትም ያድናል።

መንገዱን በሽቅብ ሜትር መለካት

ለተራራ ብስክሌት በተለይ፣ ርቀት ብቻውን ስለ ባትሪ ፍጆታ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። የሚፈለገው ቁጥር በአንድ ጉዞ ውስጥ ወደ ላይ የተወጣው ከፍታ በሙሉ ሲደመር ስንት ሜትር እንደሚሆን ነው። አብዛኞቹ የስልክ የብስክሌት መተግበሪያዎች ይህን ድምር ከርቀቱ ጎን ያሳያሉ፤ መንገዱን ገና ያልነዱት ከሆነም በካርታ ላይ ሲሥሉት ያሰሉልዎታል። ለስሌቱ የሚመረጠው ጉዞ በወር ውስጥ ደጋግመው ከሚነዷቸው መካከል ከበድ የሚለው ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያጋጥም ታላቅ ጉዞ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ባትሪ ተሸክሞ መዞር ተገቢ አይመስለኝም፤ ለዚያ ቀን ሌላ መፍትሔ እንዳለ ከታች እመለስበታለሁ።

ነጂው፣ ብስክሌቱ፣ ውሃውና ቦርሳው ተደምረው 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ይህን ክብደት 1,000 ሜትር ከፍ ለማድረግ 272 ዋት-ሰዓት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል (አንድ ዋት-ሰዓት ማለት የአንድ ዋት ኃይል ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው ጉልበት ነው)። ይህ የፊዚክስ ሕግ በመሆኑ የትኛውም ሞተር ሊቀንሰው አይችልም። በዚህ ላይ ጎማው ከአፈሩ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ይጨመራል፤ መጠነኛ ዳገት ባለው የአፈር መንገድ ላይ ይህ ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ሽቅብ 50 ዋት-ሰዓት አካባቢ ሊሆን ይችላል። ሞተሩም ከባትሪው ከሚቀበለው ጉልበት ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ የሚሆነውን በሙቀት መልክ ያባክናል። ሁሉም ሲደማመር፣ ሥራውን ሞተሩና እግር እኩል ሲካፈሉት 100 ኪሎ ግራም ለ1,000 ሜትር ሽቅብ ከ200 እስከ 250 ዋት-ሰዓት ይፈጃል፤ ሞተሩ ከአራት እጅ ሦስቱን ሲሸከም ደግሞ ከ300 እስከ 350 ዋት-ሰዓት ይደርሳል። ጠቅላላው ክብደት 120 ኪሎ ግራም ከሆነ ቁጥሮቹን በ1.2 ማባዛት ነው።

ባትሪውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አሟጦ መጠቀም ስለማይመከር፣ አንድ አምስተኛውን ለመጠባበቂያ መተው ይገባል። እንግዲህ የ500 ዋት-ሰዓት ባትሪ የሚሰጠው 400 ነው፤ ይህም ግማሹን በራሱ እግር ለሚሠራ የ100 ኪሎ ግራም ጭነት 1,700 ሜትር ገደማ ሽቅብ፣ ሞተሩን አብዝቶ ለሚጠቀም ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ያስወጣል። የ800 ዋት-ሰዓት ባትሪ በዚያው ስሌት ወደ 2,700 እና ወደ 1,900 ሜትር ያደርሳል። አብዛኛው ጉዞው 800 ሜትር ሽቅብ የማይሞላ ሰው ትልቁን ባትሪ ለምን እንደሚገዛ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

የግራቭል ነጂ ስሌት ከዚህ ትንሽ ይለያል፤ በሜዳ ላይ ዋናው ተቃዋሚ አየር ነውና። አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነት ጋር በሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ከ25 ወደ 32 ኪሎ ሜትር በሰዓት መጨመር ብቻ ያንን ኃይል ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ለጥ ባለና በደንብ በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ ሥራውን ከሞተሩ ጋር እኩል የሚካፈል ነጂ በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ኪሎ ሜትር 4 ዋት-ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ በ32 ግን 5 ተኩል ገደማ ይሆናል። ልቅ አሸዋ፣ ጭቃና ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ሲኖሩ ቁጥሩ በፍጥነት ይወጣል።

ሕግ ርቀትን እንዴት እንደሚለውጥ

ሞተሩ መርዳቱን የሚያቆምበት ፍጥነት በየአገሩ ሕግ ይወሰናል። በአውሮፓ ኅብረት ሞተሩ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ከ250 ዋት ያልበለጠና እርዳታው በ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚቋረጥ ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት ይቆጠራል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ደግሞ እስከ 750 ዋት የሚፈቀድ ሲሆን፣ ብስክሌቶቹ በሦስት ክፍል ይመደባሉ፤ 1ኛው ክፍል ፔዳል ሲረገጥ ብቻ እስከ 32 ኪሎ ሜትር፣ 2ኛው በእጅ ጋዝ ጭምር እስከ 32፣ 3ኛው ፔዳል ሲረገጥ እስከ 45 ኪሎ ሜትር ይረዳል። ለተራራ ዱካዎች ፈቃድ ሲሰጥ በአብዛኛው የሚፈቀደው 1ኛው ክፍል ስለሆነ፣ ሊነዱበት ያሰቡትን ዱካ ደንብ ብስክሌቱን ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ለግራቭል ገዢ ትልቅ ትርጉም አለው። እርዳታው በ25 በሚቋረጥበት አገር፣ በሜዳ ላይ በራሱ ጉልበት በ28 የሚነዳ ሰው ሞተሩን የሚጠቀመው በዳገትና በነፋስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ250 እስከ 400 ዋት-ሰዓት ያለው ቀላል ባትሪ ቀኑን ሙሉ ሊያደርሰው ይችላል። ያው ሰው 32 ወይም 45 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚረዳ ብስክሌት ቢነዳ ሞተሩ ከሥራ ስለማያርፍ፣ የተለካው ርቀት በእጅጉ ያጥራል። ርቀትን የሚያነጻጽር ማንኛውም ጽሑፍ ሲያነቡ፣ የተፈተነው ብስክሌት እርዳታው በስንት ኪሎ ሜትር የሚቋረጥ እንደሆነ አስቀድመው ይፈልጉ።

በሞተሩ ላይ የተጻፈው ዋት የሚነግረንና የማይነግረን

250 ዋት የሚለው ጽሑፍ ሞተሩ ሳይግል ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል ለሕግ ሲባል የሚገልጽ ቁጥር ነው። ለአጭር ጊዜ የሚሰጠው ከፍተኛ ኃይል ግን ከዚህ ብዙ ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ቲኪው ኤችፒአር50 የተባለው ቀላል ሞተር 50 ኒውተን ሜትር (የቶርክ መለኪያ ነው፤ ከታች ይብራራል) ቶርክና እስከ 300 ዋት ከፍተኛ ኃይል ይሰጣል። የቦሽ ፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስ ለረጅም ጊዜ በ85 ኒውተን ሜትርና በ600 ዋት ሲታወቅ ቆይቶ፣ አዲሱ ትውልዱ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ የሶፍትዌር ማሻሻያ እስከ 100 ኒውተን ሜትርና 750 ዋት እንዲደርስ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዲጄአይ አቪኖክስ ደግሞ 105 ኒውተን ሜትርና 850 ዋት፣ ለአጭር ጊዜ በሚሠራው ልዩ ደረጃው ደግሞ 120 ኒውተን ሜትርና 1,000 ዋት ይደርሳል። ሦስቱም በአውሮፓ የሚሸጡት በዚያው በ250 ዋት ስም ነው። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለብዎት ከፍተኛውን ኃይልና ቶርኩን ነው።

ቶርክ ማለት የማዞር ጉልበት ነው፤ በፔዳሉ ዙር ሲባዛ ኃይል ይሆናል። ኒውተን ሜትሩን በደቂቃ በሚረገጠው ዙር አባዝቶ ለ9.55 ማካፈል ዋቱን ይሰጣል። በደቂቃ 40 ዙር ቀስ ብሎ ለሚረግጥ ሰው፣ 50 ኒውተን ሜትር የሚሰጠው 209 ዋት ብቻ ሲሆን 85 ኒውተን ሜትር ግን 356 ዋት ይሰጣል። ነጂው ማርሹን አቅልሎ በደቂቃ ከ75 እስከ 90 ዙር ሲረግጥ ግን ትንሹም ሞተር ሙሉ አቅሙ ላይ ይደርሳል። ከዚህ የምንረዳው፣ ከባድ ማርሽ ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ መርገጥ የሚቀናው ሰው ከፍተኛ ቶርክ እንደሚያስፈልገው፣ እግሩን ቶሎ ቶሎ ማዞር የለመደ ሰው ግን በትንሽ ሞተር ረክቶ መኖር እንደሚችል ነው። የአረጋገጥ ልማድ ሞተር ከመምረጥ ጋር ይህን ያህል ግንኙነት እንዳለው ብዙ ሻጮች አይናገሩም፤ መናገር ግን ነበረባቸው።

ለመሆኑ ምን ያህል ኃይል ይበቃል? ጠቅላላ ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም የሆነ ነጂ በመቶ 8 በሆነ ዳገት (በ100 ሜትር 8 ሜትር ከፍ በሚል) ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 260 ዋት ገደማ ይፈልጋል። በመቶ 15 በሆነ ዳገት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ደግሞ 355 ዋት ገደማ ያስፈልገዋል። ብዙ ልምምድ የሌለው ጤናማ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ከ100 እስከ 150 ዋት ማዋጣት ስለሚችል፣ ከሞተሩ የሚጠበቀው በመጀመሪያው ዳገት ከ110 እስከ 160 ዋት፣ በሁለተኛው ከ205 እስከ 255 ዋት ነው። ስለዚህ ለዚህ ሰው የ300 ዋት ሞተር በቂ ነው። ነጂው 110፣ ብስክሌቱ 25፣ ቦርሳው 5 ኪሎ ግራም ሆኖ ጠቅላላው 140 ከደረሰ ግን ያው በመቶ 15 ዳገት 500 ዋት ስለሚጠይቅ፣ ሞተሩ ከ350 እስከ 400 ዋት እየሰጠ መቀጠል አለበት፤ እዚህ ላይ ጠንካራው ሞተር የግድ ነው። ድንጋይና ሥር የበዛበትን ቀጥ ያለ ዱካ ዘወትር ለሚወጣ ሰውም እንዲሁ ነው።

ከስሌት ውጭ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ፤ አብረውዎት የሚነዱት ሰዎች ብስክሌት። ጓደኞቹ ሁሉ በ85 ኒውተን ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ሞተር ሲወጡ በ50 ኒውተን ሜትር የሚከተላቸው ሰው ሞተሩን ሁልጊዜ በከፍተኛው ደረጃ ለመንዳት ይገደዳል፤ ትንሹም ባትሪው ቀድሞ ያልቅበታል። በቡድን የሚነዱ ከሆነ ከቡድኑ ጋር የሚቀራረብ ሞተር ይምረጡ።

ሞተሩ የተቀመጠበት ቦታም መታየት አለበት። በፔዳሉ መካከል የተገጠመ ሞተር በካቴናውና በማርሹ በኩል ስለሚሠራ፣ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀል ለሞተሩም ይቀልለታል፤ ለተራራ ሌላ አማራጭ ባይታሰብ ይሻላል። በኋላው ጎማ ሞዞ ውስጥ የተገጠመ ሞተር ግን ማርሹን አይጠቀምም፤ በረጅምና በዝግታ በሚወጣ ዳገት ላይ በቀስታ ስለሚዞር ጉልበት ያባክናል፣ ይግላልም። በአንጻሩ ቀላልና ጸጥተኛ በመሆኑ፣ ዳገቱ መጠነኛ ለሆነ የግራቭል መንገድ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የመካከለኛው ሞተር ጉዳቱ ካቴናንና ካሴትን (የኋላውን የማርሽ ጥርሶች) ቶሎ መብላቱ ነው፤ ማርሽ ሲለውጡ ፔዳሉን ለአፍታ ማላላትን ልማድ ማድረግ ዕድሜያቸውን በግልጽ ያራዝማል።

ከዋትና ከቶርክ ሁሉ በላይ ያለ ማመንታት የምጠይቀው ግን ሴንሰሩን ነው። ርካሽ ብስክሌቶች ላይ ያለው ሴንሰር ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ያያል፤ እግርዎ በቀስታም ይሁን በኃይል ቢረግጥ ሞተሩ ያንኑ ያህል ይገፋል። ልቅ ጠጠር ባለበት ጠባብ ኩርባ ላይ ይህ ሰውን ሊጥል ይችላል። ከአስፋልት ለሚወጣ ብስክሌት የእግርን ጫና የሚለካ የቶርክ ሴንሰር መኖሩን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ባትሪው

የባትሪ መጠን የሚነጻጸረው በዋት-ሰዓት ነው። ሻጩ ቮልትና አምፔር-ሰዓት ብቻ ከጻፈ ሁለቱን ያባዙ፤ 36 ቮልትና 14 አምፔር-ሰዓት 504 ዋት-ሰዓት ነው። ከፍ ያለ ቮልት ብቻውን ረጅም ርቀት ማለት አይደለም። ክብደቱም ይታሰብ፤ የቦሽ 600 ዋት-ሰዓት ባትሪ 3 ኪሎ ግራም፣ 800ው ደግሞ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሙሉ ኃይል ያለው የተራራ ብስክሌት በአብዛኛው ከ22 እስከ 25 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ቀላል የሚባለው ከ16 እስከ 19፣ የኤሌክትሪክ ግራቭል ደግሞ ከ12 እስከ 16 ይደርሳል። ብስክሌቱን በደረጃ የሚያወጡ ወይም በወደቀ ግንድ ላይ የሚያሻግሩ ከሆነ፣ ይህ ልዩነት በየቀኑ ይሰማዎታል።

ከላይ የጠቀስኩት መፍትሔ ተጨማሪ ባትሪ ነው። በውሃ ኮዳ ቦታ የሚገጠሙ ትናንሽ ባትሪዎች አሉ፤ የስፔሻላይዝድ ኤስኤልና የቲኪው 160 ዋት-ሰዓት፣ የቦሽ ፓወርሞር ደግሞ 250 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ። መጠነኛ ዋና ባትሪ ያለው ብስክሌት ገዝቶ፣ ተጨማሪውን ለረጅም ጉዞ ብቻ መያዝ ለብዙ ሰው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። በአውሮፕላን ለመጓዝ የሚያስብ ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ከ160 ዋት-ሰዓት የሚበልጥ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፣ ከ100 እስከ 160 ያለውም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህም ማለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ዋና ባትሪ በሻንጣ አብሮዎት አይሄድም ማለት ነው።

ባትሪው ከፍሬሙ የሚወጣ መሆን አለመሆኑን በእጅዎ አውጥተው ይመልከቱ። በአንዳንድ ቀላል ብስክሌቶች ላይ ባትሪው ያለ መሣሪያ ስለማይወጣ፣ ቻርጅ የሚደረገው ብስክሌቱ ራሱ ሶኬት አጠገብ ቀርቦ ነው። ቅዝቃዜ ባትሪው የሚሰጠውን ጉልበት ለጊዜው ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ቻርጅ ማድረግ ግን በዘላቂነት ይጎዳዋል። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ከ30 እስከ 60 በመቶ ሞልቶ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ማኖር ይመከራል። ባትሪ ከጊዜ ጋር አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ርቀትን ሲያሰሉ አዲሱ ባትሪ የሚይዘውን ሳይሆን የዚያን 80 በመቶ ይውሰዱ፤ ከዚያም ላይ መጠባበቂያውን ይቀንሱ። ስለ ደኅንነት ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ዩኤል 2849 ወይም ብስክሌቱ ኢኤን 15194 የተሰኘውን ደረጃ ማሟላቱን የሚገልጽ ምልክት ይፈልጉ፤ ከብስክሌቱ ጋር ያልመጣ ቻርጀር አይጠቀሙ።

ሞክሮ መግዛት

ብስክሌቱን ሳይሞክሩ መግዛት የለብዎትም፤ ሙከራውም በሜዳ ላይ የሚደረግ ዙር ብቻ ከሆነ አይጠቅምም። ልቅ ጠጠር ያለበት ቀጥ ያለ ዳገት ይፈልጉና መሐል ላይ ይቁሙ፤ ከዚያም ተነሥተው ለመውጣት ይሞክሩ። ጥሩ ሞተር በመጀመሪያው የፔዳል ግፊት ለስለስ ብሎ ይይዛል፤ መጥፎው አንድ ጊዜ ተወርውሮ የኋላውን ጎማ ያሽከረክራል፣ የፊተኛውንም ያነሣል። በመቀጠል እየወጡ ሳለ እግርዎን በድንገት ያቁሙና ሞተሩ ለምን ያህል ጊዜ መግፋቱን እንደሚቀጥል ያስተውሉ። ትንሽ መቀጠሉ ድንጋይ ለመሻገር ይረዳል፤ ከተራዘመ ግን ኩርባ ላይ ከዱካው ያስወጣል። ሲወርዱም ያዳምጡ፤ አንዳንድ ሞተሮች በኮረኮንች ቁልቁለት ላይ በውስጣቸው የሚንኳኳ ድምፅ ያሰማሉ፣ ይህን የሚታገሥና የማይታገሥ ሰው አለ።

በዚያው ሙከራ ፍጆታውን መለካት ይቻላል። ከፍታው የታወቀ ዳገት ከመውጣትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ የባትሪውን መቶኛ ይመዝግቡ። የ600 ዋት-ሰዓት ባትሪ 300 ሜትር ሲወጣ ከ90 ወደ 78 በመቶ ቢወርድ፣ 72 ዋት-ሰዓት ተጠቅሟል፤ ይህም ለ1,000 ሜትር 240 ማለት ነው። ይህ ቁጥር የእርስዎን ክብደት፣ እግርና የእርዳታ ደረጃ ስለያዘ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ሙከራውን በሚመርጡት ደረጃ ያድርጉት እንጂ ቁጥሩ እንዲያምር ብለው በዝቅተኛው አይንዱ።

ሞተሩን አጥፍተውም ጥቂት ይንዱ። ባትሪ ያለቀ ቀን የሚነዱት ይህን ብስክሌት ነው። የግራቭል ብስክሌቱ ቀላሉ ማርሽ ያለ ሞተር መጠነኛ ዳገት የማያስወጣ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ለተራራ ብስክሌት ደግሞ ፍሬኑን ችላ አይበሉ፤ 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲወርድ ዲስኩ 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ መያዣውም ባለ አራት ፒስተን ቢሆን ይመረጣል።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ሰነድ ይጠይቅ። የታወቁ አምራቾች ጥገና ክፍሎች ባትሪውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ስንት ጊዜ ሙሉ ቻርጅ እንደተደረገና ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚያሳይ ወረቀት ማውጣት ይችላሉ። ሻጩ ይህን ወረቀት ለማምጣት ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ከዋጋው ላይ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ቀንሰው ይደራደሩ፤ ከፈቀደ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የቀረ አቅም ወስደው የሽቅብ ሜትሩን ስሌት በዚያ ይሥሩ።